ስክሪኑን የሸጠ ገመዱንም ይወቅ

በመኖሪያ ቤት ስለሚዘረጋው ኮምፒዩተር፣ ስለ ገመዱና ስለ ሶኬቱ

በኢትዮጵያ ሰው ሁሉ ኤሌክትሪክን የሚጠራው «መብራት» ብሎ ነው። በቀትር ፀሐይ እንኳ የኮምፒዩተሩ ስክሪን ድንገት ቢጨልም፣ የቤቱ ባለቤት «መብራት ጠፋ» ይላል እንጂ «ኤሌክትሪክ ተቋረጠ» አይልም። ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ወደ ሕዝቡ ቤት የገባው በመጀመሪያ ጨለማን ለማስወገድ ነበርና። የብዙ ቤቶችም የሽቦ ዝርጋታ እስከ ዛሬ ይህንኑ ስም ተከትሎ ቀርቷል፤ ይኸውም በየክፍሉ አንድ አምፑል፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ቢበዛም አንድ ሶኬት ማለት ነው።

በጣና ሐይቅ ዳርቻ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዴት እንዳደገ ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆንለታል። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ሥራ ሲጀምር ጉልበቱ ከ12 ሜጋ ዋት አይበልጥም ነበር። በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ተከተለ፤ በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ዐቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ምንጩ ይህን ያህል ሲሰፋ፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ግን በብዙ ቦታ ያው አንዱ ነው።

ስለዚህ ነገሩ በሁለት ይከፈላል። ከግድቡ እስከ ቆጣሪው ያለው መንገድ የመንግሥት ሥራ ነው። ከግድግዳው ሶኬት እስከ ጠረጴዛው ያለው ሁለት ሜትር ገመድ ግን የነጋዴው ሥራ ነው፤ ገመዱን ከውጭ የሚያስመጣው፣ የሚያከፋፍለውና በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሰቅሎ የሚሸጠው እርሱ ነውና። ቤት የሚቃጠለውም ሆነ የሚድነው ብዙውን ጊዜ በዚህች ሁለት ሜትር ላይ ነው።

ነጋዴው ራሱም በዚህ ጉዳይ ተመልካች ብቻ አይደለም። የአስመጪና የላኪ ፈቃዶች የሚስተናገዱበት የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ከተጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ ከቢሮ ወደ ቢሮ ይዞር የነበረው ወረቀት ብዙው በስክሪን ላይ የሚታይ ሆኗል። በአንዱ ስክሪን የዕቃ ዝርዝሩን፣ በሌላው የሚሞላውን ቅጽ እያየ በቤቱ አምሽቶ የሚሠራ ነጋዴ ቁጥሩ እየበዛ ነው። እንግዲህ ከዚህ በታች የሚነገረው ለሱቁም ለገዛ ቤቱም ይጠቅመዋል።

አንድ ጥያቄ በባንኮኒ ላይ

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው ዋና መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ መራዊ ትገኛለች። በአጠገቧ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። በከተማይቱ የሚኖር አንድ መምህር ለቤቱ ኮምፒዩተርና ሁለት ስክሪን ገዝቷል እንበል። ቤቱ እንደ ብዙዎች ቤት በእንጨትና በጭቃ የታነጸ፣ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ኮርኒሱም ከማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ነው። በክፍሉ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ስለ ሆነ ባሕር ዳር ወርዶ ወደ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ይገባል።

«ስምንት ቀዳዳ ያለው ዲቫይደር አለህ?» ይላል።

ባለ ሱቁ «አለ፣ ጋሼ» ብሎ ርካሹን ቢያወርድለት ሽያጩ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። አስተዋዩ ነጋዴ ግን አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

«ጋሼ፣ ምን ምን ይሰኩበታል?»

«ኮምፒዩተሩን፣ ሁለቱን ስክሪን፣ የኢንተርኔቱን ሳጥንና ስልክ ነው። ባለቤቴም ማታ ማታ የውሃ ማፍያዋን ትሰካበታለች፤ ሌላ ሶኬት የለንማ።»

በዚህ አነጋገር ውስጥ ከሁሉ የከበደው መጨረሻ የተነገረው ነው። ጥያቄው ባይቀርብ ኖሮ የውሃ ማፍያው ነገር ከቤቱ ግድግዳ በቀር ማንም ሳያውቀው ይቀር ነበር።

መጥኖ መደቆስ

አበው ስለ ወጥ ቤት «መጥኖ መደቆስ» ሲሉ የተናገሩት ምክር ለኤሌክትሪክም ይሠራል። ስሌቱ ቀላል ነው። የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በዕቃው ጀርባ የተጻፈው ዋት ለ220 ሲካፈል ዕቃው የሚስበው አምፔር ይገኛል።

24 ኢንች የሆነ የዛሬ ዘመን ስክሪን የሚፈልገው ኃይል ከ20 እስከ 30 ዋት ያህል ነው። ሁለት ስክሪን፣ አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር፣ የኢንተርኔት ሳጥንና የስልክ መሙያ ባንድነት ቢቆጠሩ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት አያልፉም። ይህም 1.8 አምፔር ያህል ነው። በላዩ «10 አምፔር» ተብሎ በእውነት የተጻፈበት ማከፋፈያ ይህን ሸክም ሳይሰማው ይችለዋል።

የውሃ ማፍያው ግን ብቻውን 2,000 ዋት፣ ማለትም 9 አምፔር ያህል ይስባል። ከጠረጴዛው ዕቃ ጋር ሲደመር ከ10 አምፔር ያልፋል። የእንጀራ ምጣድማ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 ዋት ስለማያንስ ብቻውን 16 አምፔር ያህል ይጠይቃል፤ የራሱ መስመር እንጂ ማከፋፈያ ከቶ አይገባውም።

ነጋዴው በተለይ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ የተፈጥሮ ሕግ አለ። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው ከአምፔሩ ጋር እኩል አይደለም። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የመምህሩ ጠረጴዛ ብቻውን 1.8 አምፔር ሲስብ የነበረው ገመድ፣ የውሃ ማፍያው ሲጨመርበት ስድስት እጥፍ አምፔር ይሸከማል፤ የሚፈጠረው ሙቀት ግን ሠላሳ ስድስት እጥፍ ነው። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው። ስክሪን ቤት አያቃጥልም፤ ከስክሪኑ ጎን የሚሰካው ምድጃ ግን ያቃጥላል። ቀዳዳም ቢበዛ ኃይል አይጨምርም፤ ስምንት ቀዳዳ ያለው ዲቫይደር ከግድግዳው የሚቀበለው በአንድ ገመድ ነው።

የገመዱ ሆድ

ከውጭ ሲታዩ ሁሉም ገመዶች ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ ያለው በሆዳቸው ነው። ጥሩ ገመድ ሦስት ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ኃይል ያመላልሳሉ፣ ሦስተኛው ባለሙያዎች ግራውንድ የሚሉት የመሬት ሽቦ ነው። ለስክሪንና ለኮምፒዩተር የሚሆነው አጭር ገመድ የእያንዳንዱ ሽቦ ውፍረት 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን ይበቃል። 16 አምፔር ይሸከማል ተብሎ የሚሸጥ ማከፋፈያ ግን 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሊኖረው ይገባል። ይህ ቁጥር በደህና ገመድ ላይ በልባሱ ርዝመት ሁሉ ታትሞ ይገኛል። ቁጥሩ በሳጥኑ ላይ ብቻ ተጽፎ በገመዱ ላይ ከሌለ አስመጪው ሊጠራጠር ይገባዋል።

ሁለተኛው ምርመራ የማዕድኑ ነው። መዳብ ውድ ስለ ሆነ አንዳንድ ፋብሪካ አሉሚኒየምን በስሱ መዳብ ቀብቶ መዳብ አስመስሎ ያቀርባል። አሉሚኒየም በእኩል ውፍረት ከመዳብ ይልቅ የኤሌክትሪክን ጉዞ በአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚያግድ ያንኑ ያህል ይበልጥ ይሞቃል። ማወቂያው ቀላል ነው። የሽቦው ጫፍ በቢላዋ ሲፋቅ ከቀዩ ሥር ነጭ ከታየ መዳብ አይደለም። ማግኔት የሚስበው ከሆነም ውስጡ ብረት ነው። ጥቅሉን በእጅ መመዘንም ይረዳል፤ መዳብ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ይከብዳል።

አስመጪው ይህን ምርመራ ማድረግ ያለበት ናሙና ሲመጣለት ነው እንጂ ዕቃው ከጅቡቲ ተጓጉዞ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ አይደለም። ከአንድ ካርቶን አንድ ገመድ ቆርጦ ማየት የሚያስከፍለው የአንድ ገመድ ዋጋ ነው፤ ሳይቆርጡ መቀበል ግን የሙሉ ጭነት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

የመሰኪያ መልክ

ኢትዮጵያ የለመደችው መሰኪያ የአውሮፓው ባለ ሁለት ክብ እግር ነው። የመሬት ሽቦ ያለው ዓይነት በጎንና በጎኑ የብረት ምላስ ያለበት ነው። ነገር ግን ከዱባይ የሚመጣው ዕቃ ብዙ ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለውን የእንግሊዝ መሰኪያ ይዞ ይመጣል፤ ለቻይና ገበያ የተሠራውም የራሱ ሰያፍ እግር አለው። ገዢው መራዊ ደርሶ ሳጥኑን ሲከፍት መሰኪያው ካልገባለት ወይ ተመልሶ 35 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ ወይም ከሰፈሩ ሱቅ ርካሽ መለወጫ ይገዛል። ርካሹ መለወጫ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት እግር ብቻ ስላለው የመሬቱን ሽቦ ቈርጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ አስመጪው ሲያዝ «የአውሮፓ መሰኪያ ከመሬት ሽቦ ጋር» የሚለውን ቃል በውሉ ላይ ማስፈር ይገባዋል።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ዕቃ ለብቻው ይታያል። የአሜሪካ ቤቶች የሚጠቀሙት 120 ቮልት ነው። ብዙ ስክሪኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ይህም በጀርባቸው ወይም በኃይል ሳጥናቸው ላይ ተጽፏል። እነርሱ መለወጫ ተደርጎላቸው ሊሠሩ ይችላሉ። የአሜሪካ ማከፋፈያ ግን ለ125 ቮልት የተሠራ ነው፤ በተለይ ከኃይል መወርወር ይከላከላል የተባለው ዓይነት 220 ቮልት ሲያገኘው ውስጡ ያለው መከላከያ ራሱ ይቃጠላል። መለወጫ የእግሩን መልክ እንጂ ቮልቱን እንደማይለውጥ ለገዢ መንገር የሻጭ ግዴታ ነው።

መሬት፣ መብረቅና የመብራት መጥፋት

የመሬት ሽቦ ጥቅሙ ዕቃው በደህና ሲሠራ አይታይም። ጥቅሙ የሚታየው ሽቦ ተበጥሶ የኮምፒዩተሩን ብረት ሲነካ ነው፤ ያን ጊዜ ኃይሉ በሰው እጅ ሳይሆን በሽቦው በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ ያደርጋል። ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ከበስተጀርባው ሽቦው በእውነት ከመሬት መድረሱን የኤሌክትሪክ ባለሙያ በመለኪያ ማረጋገጥ አለበት። የኃይል መወርወር መከላከያ ያላቸው ማከፋፈያዎችም በሚገባ የሚሠሩት ይህ ሽቦ ሲኖር ነው።

በጣና አካባቢ በክረምት ወራት ነጎድጓድ ሲበረታ፣ ምንም መከላከያ ቢኖር መሰኪያውን ከግድግዳ መንቀልን የሚተካ ነገር የለም። ከዲሽ የሚመጣው ሽቦና የኢንተርኔቱ የስልክ መስመርም አብረው መነቀል አለባቸው፤ መብረቅ በእነርሱም በኩል ይገባልና። ይህ ሁሉ መደረግ ያለበት ነጎድጓዱ ሳይቀርብ ነው። መብራት ሲጠፋም ደህናው ልማድ ዕቃውን ማጥፋትና ኃይሉ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ እስኪረጋ መጠበቅ ነው፤ በተመለሰበት ቅጽበት ቮልቱ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል።

ዩፒኤስ የሚባለው ባለ ባትሪ ሣጥን ሥራው ኮምፒዩተሩ በሥርዓት እስኪዘጋ ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው። በላዩ 650 ቪኤ ተብሎ የተጻፈበት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው 360 ዋት አካባቢ መሆኑን ሻጩ ሊያውቅ ይገባል። የሌዘር ማተሚያ ሲሞቅ ብዙ ኃይል ስለሚስብ በዩፒኤስ ላይ አይሰካም።

ስክሪኑን የማቆም ሥርዓት

ገመዱ ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው አቀማመጡ ነው። በመጀመሪያ ጠረጴዛው ለግድግዳው ሶኬት ይቅረብ፤ ገመዱ በሩን ወይም የሰው መተላለፊያን አያቋርጥ። ስክሪኑ ከመስኮቱ ጋር ፊት ለፊት ወይም ጀርባ ለጀርባ ሳይሆን መስኮቱን በጎን አድርጎ ይቁም፤ አለዚያ ብርሃኑ ዓይንን ያውካል። ርቀቱ አንድ ክንድ ተዘርግቶ የሚደርስበት ያህል፣ የላይኛው ጠርዙም በተቀማጩ ዓይን ትክክል ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ ይሁን። ሁለት ስክሪን ሲሆን፣ አንዱ ይበልጥ የሚሠራበት ከሆነ እርሱ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ሁለቱ እኩል የሚሠራባቸው ከሆኑ መገናኛቸው በአፍንጫ ትክክል ይሁን።

ሥዕል የሚያስተላልፈው ገመድም ሳይጠየቅ አይሸጥ። ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይፖርትና ቪጂኤ የተባሉት መሰኪያዎች አንዱ ለሌላው አይሆኑም። ደግሞ ብዙ ሰው ሁለት ስክሪን ለማሠራት ባለ ሁለት አፍ የኤችዲኤምአይ መክፈያ ይገዛል፤ ይህ ዕቃ ግን አንዱን ሥዕል በሁለቱም ላይ ከመድገም በቀር የተለያየ ሥራ አያሳይም። ለተለያየ ሥራ ኮምፒዩተሩ ራሱ ሁለት የሥዕል መውጫ እንዳለው አስቀድሞ መታየት አለበት።

ማከፋፈያው ከወለል ከፍ ብሎ በጠረጴዛው እግር ወይም ሥር ይታሰር፤ ወለል በሚታጠብበት ቤት መሬት ላይ የተጣለ ሶኬት ውሃ ይገባዋል። ገመድ ከምንጣፍ ሥር አይሂድ፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣልና። ተጠቅልሎም አይቀመጥ፣ በሚስማርም አይመታ። የኃይል ገመዶች ለብቻ፣ የሥዕል ገመዶች ለብቻ በጨርቅ ማሰሪያ ይያዙ፤ በየጫፋቸውም ማን የማን እንደ ሆነ የሚናገር ወረቀት ቢለጠፍ አንዱን ለመንቀል ሲፈለግ ሌላው አይነቀልም። ከሁሉ በላይ ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ አይሰካ። ከሳምንት በኋላ መሰኪያው በእጅ ሲዳሰስ ቢሞቅ፣ ቢላላ ወይም ቡናማ ቀለም ቢያወጣ ያለ ማመንታት ይለወጥ፤ እሳት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከላላ መገናኛ ነው።

የፊውዝንም ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ፊውዝ ደጋግሞ ሲበጠስ ወይም ብሬከር ደጋግሞ ሲወድቅ በወፍራም ሽቦ ወይም በትልቅ ብሬከር የሚተካ ሰው አለ። ይህ ዘበኛው ሌባ መጣ ብሎ ስለ ጮኸ ዘበኛውን እንደ ማባረር ነው።

የነጋዴው ጥቅም

ይህን ሁሉ የሚያደርግ ነጋዴ ጊዜውን ያባክናል ብሎ የሚያስብ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በላዩ 16 አምፔር የተጻፈበት፣ ሆዱ ግን 6 አምፔር የማይሸከም ገመድ ይህን መብት የሚነካ ነው። ከሕጉም በላይ የገበያው ፍርድ አለ። በትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ ቤት ሲቃጠል «ገመዱን ከማን ገዛው?» የሚለው ጥያቄ ከጭሱ ቀድሞ ሰፈሩን ያዳርሳል።

የሚያስፈልገው ዝግጅትም ከባድ አይደለም። ባለ ሱቁ አራት ነገር ቢያደርግ ይበቃዋል። አንደኛ፣ ማከፋፈያ ለሚጠይቅ ሁሉ «ምን ይሰኩበታል?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ስክሪን ለሚሸጥለት ደንበኛ ሳጥኑን በፊቱ ከፍቶ የመሰኪያውን መልክ ያሳየው። ሦስተኛ፣ የተቆረጠ ደህና ገመድና የተቆረጠ መጥፎ ገመድ ጎን ለጎን በባንኮኒው ላይ ያኑር፤ የዋጋ ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ ገዢው በዓይኑ ያየዋል። አራተኛ፣ የውሃ ማፍያ፣ ምድጃና ምጣድ ከማከፋፈያ ጋር እንዳይሰኩ የሚናገር አጭር ወረቀት በአማርኛ አዘጋጅቶ ከዕቃው ጋር ይስጥ።

የመራዊው መምህር በዚያ ቀን ስምንት ቀዳዳ ያለውን ትቶ አራት ቀዳዳና ወፍራም ገመድ ያለውን ይዞ ቢመለስ፣ ለውሃ ማፍያውም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ ከቆጣሪው በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ሌላ ሶኬት ቢያስዘረጋ፣ ያወጣው ገንዘብ ካሰበው ጥቂት ይበልጣል። ነገር ግን ማታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሲሠራ፣ ባለቤቱም በወጥ ቤት ውሃ ስታፈላ፣ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ቀዝቃዛ ነው። ለትምህርት ቤቱ ሌላ ስክሪን የሚገዛ የሥራ ባልደረባ ሲያማክረውም የትኛውን ሱቅ እንደሚጠቁም የታወቀ ነው።